ብቻውን ሕዝብ የሆነ ሰው

በባሕር ጠረፍ ባለችው ከተማችን ስካርትቢ ውስጥ ኔቪል ታተርሶልን የማያውቅ የለም። የሚታወቀው መዋኛችንን ያስዘጋ ሰው ተብሎ ነው። ይህ ሐሰት ነው፤ ቢበዛ ሩቡ እውነት ነው። እኔ ከእሱ ቤት ሦስት በር አልፎ እኖራለሁ፤ የዐሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ስነዳም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የከተማችንን ወሬ ሁሉ ከጀርባዬ ከተቀመጡ ሰዎች አፍ እሰማለሁና የሆነውን እንደሆነው ልናገር።

ኔቪል ሠላሳ ስምንት ዓመት ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሠራ። ሥራው በማሽን በሚሄደው የማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ከሚመጣው ብስኩት መካከል የተሰበረውን እየለቀመ ማውጣት ነበር። የተሰበረ ያያል፣ ያነሳል፣ ይጥላል። ለምን እንደተሰበረ መጠየቅ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነበር፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቀም። ፋብሪካው ተነቅሎ ወደ ፖላንድ ሊሄድ ነው በተባለ ጊዜ የሠራተኛው ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ኔቪል አልሄደም።

«ወስነው ጨርሰዋል» አለ፤ በማግስቱም መጠጥ ቤት ተቀምጦ ስብሰባው ምን ያህል ሰው እንደጎደለው በቁጭት አወራ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዘ፤ «ይቺ አገር አልቆላታል» የምትል። ቅቤ ሲወደድ ይላታል። የአስፋልቱ ጉድጓድ የጎረቤት ጎማ ሲበላ ይላታል። ባቡር ሲዘገይ፣ የሐኪም ቀጠሮ ሲራዘም፣ ባሕሩ ዳር ያለው መብራት ሲጠፋ ይላታል። የሚላት ደግሞ ዳር እስከ ዳር ምንጣፍ በተነጠፈበት ቤት ተቀምጦ ነው። በየዓመቱ ስፔን ለሁለት ሳምንት ይሄዳል፤ እዚያም ፀሐይ እየሞቀ አገሩ እንዳለቀላት ለስፔኖች ያስረዳል። ድህነትን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ነገር ግን እንደ ጅብ ጩኸት ከሩቅ ይሰማዋል፣ ያስበረግገዋልም። ከጓሮው ባለችው የእንጨት ቤት ውስጥ መቶ አርባ የታሸገ ቲማቲምና እስከ ጣሪያ የተቆለለ የመጸዳጃ ወረቀት አከማችቷል።

«ኔቭ፣» ትለዋለች ሚስቱ ግሌኒስ፣ «አገሪቱ ስታልቅ በቲማቲም ልትዋጋላት ነው?»

«ሳቂ አንቺ። ያን ጊዜ ታመሰግኚኛለሽ።»

«ቲማቲም ቃር ያስነሳብኛል እኮ።»

በእሱ ብቻ መሳቅ ነውር ነው። ሁላችንም እንዲያው ነን። ባንኩ ሲዘጋ ሰው ሁሉ አበባ እየያዘ ሄዶ በሩ ሥር አስቀመጠ። ለባንክ አበባ! አንዷማ «መቼም አንረሳህም» የሚል ካርድ አያይዛለች፤ ባንኩ ሳይዘጋ ግን የገባችበትን ቀን ብትጠየቅ አታስታውስም። ፖስታ ቤቱም፣ ሲኒማውም እንዲሁ ተቀበሩ። እኛ ስካርትቢዎች ለቀብር ማንም አይስተካከለንም፤ በሕይወት ሳለ ለመጠየቅ ግን እግራችን አይነሳም።

ከዚያ ተራው የመዋኛው ሆነ። መዋኛውን የሠሩት አያቶቻችን ናቸው፤ ዓሣ አጥማጆችና የልብስ አጣቢ ሴቶች ሳንቲም እያዋጡ። ምክር ቤቱ ማሞቂያው አርጅቷልና ይዘጋ ይሆናል፣ ነዋሪው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ሐሳቡን ይስጥ የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ለጠፈ። ከተማው ተንጫጫ። አውቶቡሴ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። በስልክ በወጣው ማስታወቂያ ሥር አራት ሺህ ሰው የተቆጣ ቀይ ፊት እንደተጫነ ሰማን። የከተማው ሕዝብ ሕፃኑን ጨምሮ ስድስት ሺህ አይሞላም።

ግሌኒስ ዳሌዋን ያማታል። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት መዋኛው ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር እግሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ደረጃውን ሳትደገፍ ትወጣለች። በስብሰባው ዕለት ግን እህቷን ሞራን ዓይን ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረባት፤ ለዚያ ቀጠሮ ዐሥራ አራት ወር ጠብቀዋል።

«ኔቭ፣ ማክሰኞ አንተ ትሄዳለህ» አለችው ቁርስ ላይ።

«የት?»

«ማዘጋጃ ቤት ነዋ። ስለ መዋኛው።»

«ወስነው ጨርሰዋል።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ሁሌም ወስነው ነው የሚጠሩን።»

«እንግዲያው ሄደህ ተቀመጥ። እዚህም ያው መቀመጥህ ነው።»

«ሴድሪክን ላኪው።» ሴድሪክ ጡረታ የወጣ ፖስተኛና የኔቪል የመጠጥ ጓደኛ ነው።

«ሴድሪክን አላገባሁትም» አለችና ሳህኑን አነሳችበት።

ሄደ። ስለ መዋኛው ብሎ ሄደ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። መጠጥ ቤታችን ለማሞቂያ የሚያወጣውን ለመቆጠብ ከሰኞ እስከ ረቡዕ መክፈት አቁሟል፤ ኔቪልም በቀን ማሞቂያ ማብራት አይወድም። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞቃት ነው፣ ሻይም አለ። እውነቱ ይኸው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ወንበር ተደርድሯል። ጠብ ይነሣ ይሆናል ተብሎ አንድ ጥበቃ በሩ ላይ ቆሟል። መድረኩ ላይ አራት የምክር ቤት አባላት ተቀምጠዋል፤ ከነሱ አንዱ ሰብሳቢው ሚስተር ክሮዘር ነው። ጎን ባለው ጠረጴዛ ደግሞ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሚስ ሄፕዎርዝ ነበረች፤ ጸጥ ያለች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት። እሷም ማታ ማታ በኔ አውቶቡስ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል ሰምቼዋለሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ከሁለት መቶው ወንበር አንዱ ብቻ ሰው ነበረበት።

«ሕዝቡ እባክዎ ወደ ፊት ይጠጉ» አለ ሰብሳቢው።

ኔቪል ዞሮ ወደ ኋላው ተመለከተ። «እኔን ነው?»

«ሌላ ሕዝብ ይታይዎታል?»

«እዚህ ይሻለኛል። ማሞቂያው አጠገብ ነው።»

ጥበቃው አንድ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ኮፍያውን አውልቆ ሄደ። ሚስተር ክሮዘር ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ጣሪያው ባለሙያ የጻፈውን አርባ ደቂቃ አነበበ። ሚስ ሄፕዎርዝ ሻይና አንድ ሳህን ብስኩት አምጥታ ኔቪል አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ከሳህኑ ጎን አንድ ወረቀት አኖረች። ኔቪል ወረቀቱን አየና ወንበሩ እንዳይረጥብ ይሁን ወረቀቱ እንዲረጥብ አላውቅም፣ የሻይ ኩባያውን አስቀመጠበት። እሷም ኩባያውን አንስታ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። እሱም «አመሰግናለሁ ልጄ» አለና ኩባያውን መልሶ እዚያው አሳረፈው።

«የሕዝብ ጥያቄ ወይም አስተያየት ካለ» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

«አለኝ» አለ ኔቪል።

አራቱም ቀና አሉ። ሚስ ሄፕዎርዝ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ይህ ብስኩት ከየት ነው የመጣው?»

ሚስ ሄፕዎርዝ ማሸጊያውን ከቅርጫት አውጥታ አነበበች። ፖላንድ ነበር፤ የዚያው የቀድሞ ፋብሪካው ምርት።

«ከሃያው ዐሥራ አንዱ የተሰበረ ነው» አለ ኔቪል፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንከር አለ። «በኛ ጊዜ እንዲህ ያለው ከበር አይወጣም ነበር። ይህ ነውር ነው።»

«ይመዝገብ?»

«ይመዝገብ።»

ተመዘገበ።

«ስለ መዋኛውስ?» አለ ሚስተር ክሮዘር። አሁን ስታስበው ድምፁ የልመና ነበር ትላለች ሚስ ሄፕዎርዝ። «ሕዝቡ መዘጋቱን ይቃወማል ወይስ አይቃወምም?»

«እኔ የምለው ምን ይለውጣል?»

«ይህ ተቃውሞ ነው ወይስ ድጋፍ?» አለች ጸሐፊዋ።

«እውነት ነው።»

«እውነት የሚል ቦታ መዝገቤ ላይ የለም።»

«እንግዲያው እንዳሻሽ ጻፊው የኔ ልጅ። እነሱ እንደሁ ወስነው ጨርሰዋል።»

እሷም በታማኝነት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሕዝቡ የሚለው ነገር ለውጥ እንደማያመጣ ሕዝቡ ገልጿል።» ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ለሁለት ሆነ። ድምፁ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ አለው፤ ተቃዋሚ ከሌለ የባለሙያውን ጽሑፍ እከተላለሁ ብሎ መዋኛው እንዲዘጋ ወሰነ፤ ስብሰባውንም ዘጋ።

ኔቪል ኮቱን ሲለብስ ሚስ ሄፕዎርዝ ኩባያዎቹን ልትሰበስብ መጣች። ወረቀቱን አነሣች፤ መሐሉ ላይ ክብ የሻይ እድፍ ነበረበት።

«ሚስተር ታተርሶል፣ ይህ የተቃውሞ ቅጽ ነበር።»

«እና?»

«በደንባችን በስብሰባው የተገኘ አንድ ነዋሪ ይህን ከፈረመ ነገሩ ለስድስት ወር ይቆያል። የአውራጃው የጥገና ገንዘብ በአራተኛው ወር ይመጣ ነበር።»

ኔቪል የኮቱን ቁልፍ ይዞ ቆመ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሕዝብን መምከር ለጸሐፊ ክልክል ነው። ሁለት ጊዜ ግን አቀረብኩልዎት።»

«አምጪው፣ አሁን ልፈርም።»

«ስብሰባው ተዘግቷል» አለች፤ ይህን ስትለው ፊቱን ማየት አልቻለችም።

ያን ዕለት አውቶቡሴ ላይ ሲሳፈር የወትሮዋን ዓረፍተ ነገር እጠብቅ ነበር። አላላትም። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የቤቱን ፌርማታ አለፍነው።

«ኔቪል፣ አለፍክ እኮ» አልኩት።

«ይሁን። ዙርህን ጨርስና ስትመለስ ታወርደኛለህ።»

ቤት ሲገባ ግሌኒስ ድንች እየበላች ነበር።

«ተቃወምክ?»

«ተቃወምኩ።»

«ጎሽ።»

«ብስኩቱን» አለ።

አልጮኸችም። ሹካዋን አስቀመጠችና ሁሉንም እስኪነግራት ሰማችው። ከዚያ «በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ» አለችው። ከአንድ እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ግን ሰዓቱ እንዳልሆነም ያውቃል። ሐሙስ ሳይደርስ አላነጋገረችውም። ደረጃውን ስትወጣ የእንጨቱ መደገፊያ ሲንቋቋ ታች ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ከሁሉ ያቃጠለው ያ ድምፅ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል።

የአካባቢው ጋዜጣ «ሕዝቡ ለመዋኛው ግድ የለውም» ብሎ አወጣ። ያን ጊዜ ያልመጣው ሁሉ መጣ። በመዋኛው በር ላይ የተከመረው አበባ የባንኩን እጥፍ ሆነ። መጠጥ ቤት ውስጥ ሴድሪክ መነጽሩን አውልቆ ኔቪል ላይ አፈጠጠበት።

«አንተ ነህ የዘጋኸው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እኔማ ተቃውሜያለሁ። ቀዩን ፊት ተጭኛለሁ።»

«የት?»

«ስልኬ ላይ ነዋ። ሁለት ጊዜ።»

«ሁለተኛው እኮ የመጀመሪያውን ያጠፋዋል» አለች ቢራ የምትቀዳው ሴት።

ሴድሪክ ስልኩን አውጥቶ ብዙ ጊዜ አገላበጠው። ከዚያ «ቢሆንም» አለ፤ ሌሎቹም «ቢሆንም» አሉ። እኔም ቢሆንም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ያን ማክሰኞ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ምክንያቴ ጥሩ ነው። ባልደረባዬ ፈረቃ እንቀያየር ብሎ ለምኖኝ እምቢ እንዳልኩት ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ኔቪል ማዘጋጃ ቤት ገባ።

«ምን ቀራችሁ?» አላት ሚስ ሄፕዎርዝን።

«ማለት?»

«ለመዘጋት የተሰለፈ።»

ዝርዝሩን አወጣችለት። ዐሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ፣ ባሕሩ ዳር ያለው ሽንት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍቱ የቅዳሜ አገልግሎት። ኔቪል አንብቦ ሲጨርስ ሃያ ቅጽ ጠየቀ፤ አንድ ክምር ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስብሰባ አምልጦት አያውቅም። በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል፤ ቅጹን ከኩባያው አርቆ ያስቀምጣል፤ ይፈርማል። በቃለ ጉባኤው ውስጥ «ሕዝቡ አጥብቆ ተቃወመ»፣ «ሕዝቡ በከፍተኛ ስሜት ተናገረ»፣ «ሕዝቡ ጉንፋን ይዞት ቶሎ ሄደ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ እሱ ነው። አውቶቡሴን ለስድስት ወር አቆየ፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ለሌላ ስድስት ወር። ሽንት ቤቱም ክፍት ነው። እርግጥ እጁ ከለመደ በኋላ ሳያነብ መፈረም ጀመረና የአዳራሹን ጣሪያ መጠገን ተቃወመ። ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው እያፈሰሰበት ዣንጥላ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሚስተር ክሮዘርም በጣም በትሕትና ሕዝቡ እንዴት እንደሆነ ይጠይቀው ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ ግሌኒስን ይዞ በኔ አውቶቡስ ጎረቤት ከተማ ያለው መዋኛ ይወስዳታል፤ አርባ ደቂቃ ነው። እሱ አይዋኝም። ላይ ካለው አግዳሚ ኮቷን ታቅፎ ይጠብቃታል።

«ውሃው እንዴት ነበር?» ይላታል ሲመለሱ።

«ሞቃት።»

«የኛው ይሻል ነበር።»

«የኛውን አታንሣብኝ ኔቭ።»

የኛው በጠጠር ተሞልቶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ መኪና አቁመው የሚገቡበት ሱቅ ግን በአካባቢው አልቀረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ባለፈው መጋቢት ስብሰባ ላይ የአዳራሹ በር ተከፈተና ሁለተኛ ሰው ገባ። ወይዘሮ ኦድሪ ብረይትዌይት ነበረች፤ የሞተው ጥርስ ሐኪም ሚስት፣ ዕንቁ የምታደርግ፣ ውሻዋን እንኳ እርስዎ የምትል የምትመስል ሴት። ኔቪል ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ ቅጽም ሰጣት። እሷ ግን የመጣችው አውቶቡሱ እንዲቀር ነው። እነ ኔቪል የሚሳፈሩበት ፌርማታ ከመስኮቷ ሥር ነው፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በቁም ሣጥኗ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ።

«ሕዝቡ ምን ይላል?» አለ ሚስተር ክሮዘር።

«ይቅር» አለች ወይዘሮ ብረይትዌይት።

«አይቅር» አለ ኔቪል።

ሚስ ሄፕዎርዝ ጻፈች፤ «የሕዝቡ ግማሽ ይደግፋል፣ ግማሹ ይቃወማል።» ጋዜጣው በሳምንቱ «ስካርትቢ ለሁለት ተሰነጠቀች» አለ። መጠጥ ቤት ውስጥም ሰው ወገን ለይቶ ሲከራከር አመሸ፤ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ ያለ ግን አልሰማሁም።

ስብሰባው ሲያልቅ ዝናቡ ያወርደው ነበር። በሩን ስከፍት ኔቪል ገባ፤ ከኋላው ውሃ ከዕንቁዋ እየተንጠባጠበ ወይዘሮ ብረይትዌይት ገባች። የጡረተኛ መታወቂያዋን አሳየችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

«ይግቡ ሆዴ፣ ይረጥባሉ» አልኳት።

ከኔቪል ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሌላው ወንበር ሁሉ ባዶ ነበር፣ ግን ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ብቻ ነው።

«ከጠሉት ለምን ይሳፈራሉ?» አላት ኔቪል።

«ዝናብ ነው፣ ሚስተር ታተርሶል።»

ሁለት ፌርማታ አለፍን።

«ዐሥር ሜትር ራቅ ብሎ ቢቆምልዎትስ?»

አሰበችበት። «ሃያ።»

«ሃያ ሜትር ግሌኒስ በዳሌዋ አትሄድም። ዐሥራ ሁለት።»

«ዐሥራ ሁለት ሜትር ላይ የወይዘሮ ፊንች መስኮት ነው።»

«ወይዘሮ ፊንች ስብሰባ ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«እንግዲያውስ ምን ችግር አለ?» አለ ኔቪል።

በሚያዝያው ስብሰባ ሁለቱ አንድ ቅጽ ላይ ፈረሙ። ሚስተር ክሮዘር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ መናገሩ እንዳስደሰተው ገልጾ፣ የፌርማታውን ምሰሶ ዐሥራ ሁለት ሜትር የማዛወሩ ጉዳይ ለዐሥራ ስምንት ወር በባለሙያ እንዲጠና ወሰነ። ምሰሶው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ወይዘሮ ብረይትዌይት ብርጭቆዎቿን ወደ ጓዳ አዛውራለች፤ እኔም እዚያ ስደርስ ፍሬኑን ቀስ አድርጌ እይዛለሁ።